እሺታዬን የቆጠረች ልጅ

ሶዌቶ ውስጥ ሱቄን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቁጡ መሆኔን ያውቃል። የዳቦ መኪና ካረፈደ ሾፌሩን ሳልቆጣ አልውልም። ቢሮ ስገባ ግን በግ ነኝ። ኮፍያዬን አወልቃለሁ፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ የተባልኩትን ሁሉ እሺ እላለሁ። አባቴ ያሳደገኝ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለ ነው። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ሳለሁ ከማንም አላጣላኝም፤ ጆሃንስበርግ ላይ ግን ጉድ ሠራኝ።

የተጎዳችው ልጄ ናት። ዳውን ሲንድሮም አለባት። ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ ወስጃት «ቦታ የለም፣ እንደውላለን» ተባልኩ፤ ሁለቴም እሺ ብዬ ተመለስኩ። የደወለ የለም። በሁለተኛው ጊዜ የፈተነቻት ሴት ቅጹ ላይ «መቁጠር አትችልም» ብላ ጻፈች። እሱንም እሺ ብዬ ፈረምኩ።

ወደ ሥልጠናው የጎተተችኝ ሚስቴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ እንደኛ ዓይነት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ይሰበሰባሉ። የምታሠለጥነን ያገራችን ልጅ ሐኪም ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ኦቲዝም ስላለበት ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምታውቀው። እኔ ምክርና ጸሎት ጠብቄ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስቀመጠችና ሚስቴን «እህቴ፣ አንቺ ርእሰ መምህር ነሽ» አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ወንድሜ፣ አንተ አባት ትሆናለህ» አለችኝ።

«አባት እኮ ነኝ» አልኳት።

«እናያለን» አለችኝ።

ሚስቴ መነጽር ተውሳ ተቀመጠች። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ክፋት እንዳላት አላውቅም ነበር። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ቦታ የለም» አለች። «እሺ» አልኩ። «ይሂዱና ይጠብቁ።» «እሺ።» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሐኪሟ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቃ አንድ ዓረፍተ ነገር አስያዘችኝ፦ «ልጄን የማትቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ።» ይህን መጠየቅ መብት ነው፣ ጸብ አይደለም አለች። ለእኔ ግን ሽማግሌ የመስደብ ያህል ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቢሮ ሆነ። ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ሚስቴ ወንበሯን ትይዛለች፣ እኔ አንኳኩቼ እገባለሁ። እሺ ባልኩ ቁጥር አንድ ጣቷን ታጥፋለች። ልጃችን አጠገቧ ቆማ የእናቷን ጣቶች እያየች ትስቅብኛለች፤ እንደ እናቷ ጣቷን ታጥፋለች፣ እንደ እናቷ ጮክ ብላ «አንድ፣ ሁለት» ትላለች። እኔ ሀዲያ፣ ሚስቴ ወላይታ፤ የተጋባነው በአማርኛ ነው፣ የቤታችንም ቋንቋ እሱ ነው። እናትና ልጅ አብረው ሲያሾፉብኝ ተናድጄ ዳቦ ልቀበል እወጣለሁ።

ሚስቴ እዚያው ትምህርት ቤት ደውላ ቀጠሮ ያዘች፤ በቀኑ ሦስታችንም ሄድን። ርእሰ መምህሯ ደከም ያለች፣ ትሑት ሴት ሆና አገኘኋት። ለክፉ ሴት ነበር የተለማመድኩት፤ ደግነቷ እጅ እግሬን አሰረው። ልጄ ከደንበኞቼ በለመደችው «ሳውቦና» ሰላም አለቻት፣ ሴትዮዋም ፈገግ አለች። ከዚያ ፋይሉን ገልጣ በእንግሊዝኛ «መቁጠር ስለማትችል ክፍላችን ይከብዳታል» አለች።

«ኦኬ» አልኩ። ኦኬ እሺ ማለት መሆኑን ሱቅ ውስጥ ያደገ ልጅ ያውቃል።

«አንድ» አለች ልጄ።

«የኛ ልጆች ትንሽ ቀደም ያሉ ናቸው።»

«ኦኬ፣ ማም።»

«ሁለት።»

«በሚቀጥለው ዓመት ብንሞክርስ?»

«ኦኬ።»

«ሦስት» አለች ልጄ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ።

ርእሰ መምህሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «ምን እያለች ነው?»

«እየቆጠረች ነው» አልኳት። ለእኔም የገባኝ ከአፌ ሲወጣ ነው።

«ምኑን?»

«እኔን።»

ሚስቴ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች። ልጄ ሦስት ጣቶቿን አጥፋ አራተኛውን አዘጋጅታ ታየኛለች። ደሜ ፈላ፤ ለዳቦ ሾፌር ብቻ የማወጣው ቁጣ በመጨረሻ ቢሮ ድረስ ተከተለኝ። «የፈተናችኋት በማታውቀው ቋንቋ ነው። ልጄ ትቆጥራለች። የማትቀበሏት ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» አልኩ። አንድም ቃል ሳላስቀር እስከ መጨረሻው ተናገርኩት።

ሴትዮዋ ከመሳቢያዋ ሰባት እርሳሶች አውጥታ ልጄ ፊት ደረደረች። ልጄ ቆጠረች፣ እኔ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ሁለት እርሳስ ጨመረች፤ ልጄ ዘጠኝ አለች፣ ዘጠኝ ብዬ ተረጎምኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ርእሰ መምህሯ ቅጹ ላይ የነበረውን ሰረዘችና ከላዩ «በቤቷ ቋንቋ ትቆጥራለች» ብላ ጻፈች። ልጄ በሚቀጥለው ሰኞ እንድትጀምር ቀጠረችን።

ሰኞ ዕለት ቦርሳዋን ተሸክሜ ከሚስቴ ጋር እስከ በሩ ሸኘናት። ክፍል ድረስ ልገባም አስቤ ነበር። ልጄ ቦርሳውን ከትከሻዬ ወሰደችና «አባዬ፣ አንተ ሂድ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ወደ ሚስቴ ዞርኩ፤ ጣቷን አላጠፈችም። ልጄም አልቆጠረችብኝም፤ ትምህርት ነበረባት።