የጉም ቀን ዘብ

ረቡዕ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከጋሸና በላይ ባለው ኮረብታ፣ ጉም ውስጥ ሳለን ተከበብን። አምስት ሰዎች ሞቱብን።

ዘብ የነበረው ቢንያም ነው። አዲስ አበባ በሮክ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ጊታሩን ትቶ ጫካ ወዳለነው ወደ እኛ ወደ ታጋዮቹ ሲመጣ ከሁላችን የከረረው እሱ ሆነ፤ ድርድር የሚል ቃል ያነሳውን ሰው ከከሃዲ ለይቶ አያይም ነበር።

ላስታ ላይ ጉም ሲወርድ ዓይን አይጠቅምም። በጉም ቀን ዘብ የምናቆመው ጆሮው ንቁ የሆነውን ነበር። ይህ የጋሽ ደሴ ሥራ ነበር፤ የፍላቂት ገብስ ገበሬ ነበሩ። ያን ሰሞን ሳል ያዛቸው። «ለባለ ሽቦው ስጡት» አሉ ቢንያምን እየጠቆሙ፣ እየሳቁ። «የጊታር ክር መላላት የሚሰማ ጆሮ ኮቴ አያመልጠውም።» ሁላችንም ተስማማን። ቢንያም ጠመንጃውን አነሳ።

ጠላቶቹ በቢንያም ግራ በኩል፣ በጠጠሩ ላይ መጡ። እኛ ከግራው ኋላ ሆነን ኮቴያቸውን ሰማን። እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ ቆሟል። ጮህንለት። አልዞረም። ተኩስ ተከፈተ። ጋሽ ደሴ መጀመሪያ ወደቁ። ጉሙ ሲገፈፍ ወደ ገደሉ አፈገፈግን።

ቢንያም ትከሻው ላይ ቆስሎ ነበር። ወደ ኮን ከተማ ስናወርደው በግራው በኩል አናገርሁት፤ አልመለሰም። በቀኙ ደገምሁለት።

«የግራ ጆሮዬን የባንዱ ድምፅ ማጉያ ጨርሶታል» አለኝ። «ድሮ ነው።»

ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት።

«ለትግል መጣሁ ብዬ፣ ጆሮዬ አይሰማም ልበል?»

ቁስሉ ሲሽር ድንበር ተሻገረ። ዛሬም በስደት ነው። ጊታሩን መልሶ አንስቷል፤ በየስልኩ በሚለቃቸው ዘፈኖች ወጣቱን ወደ ጫካ ይጠራል። ጋሸና የሚቆሙ ሚኒባሶች ይከፍቷቸዋል። የጋሽ ደሴ የመጨረሻ ልጅ ሁሉንም በቃሉ ያውቃል። እናቱ እትዬ ጥሩነሽ ልጁ ሊሄድ መሆኑን ነግረውኝ፣ «አንተ ብትነግረው አይሰማህም፤ ያ ሰው ራሱ ይንገረው» አሉኝ።

ለቢንያም ደወልሁ። ልጁን አናግሮ ስለዚያ ጉም እንዲነግረው ለመንሁት። አባቱን የገደለው ጠላት እንጂ ጉም አይደለም አለ። የሞቱትን ስም ጠራሁለት፦ ጋሽ ደሴ፣ ሰይድ፣ ሙሉጌታ፣ ካሳው፣ ታደሰ።

«መስመሩ ይቆራረጣል» አለኝ።

እኔ ዘንድ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሰይድን ዘመዶቹ ወስደው ቀብረውታል። አራቱ ፍላቂት ቤተ ክርስቲያን አሉ። ጦርነት ምን እንደሚመስል ለሚጠይቁኝ ልጆች ከዚህ ሌላ የምነግራቸው የለኝም።

የጋሽ ደሴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ስልኩ ዝግ ነው።