የጥጓ ሴት

የኮሶዬ ጉም በር አያንኳኳም። ማምሻውን ዝም ብሎ ይገባና የአባቴን ምግብ ቤት ወንበሮች፣ የሾፌሮቹን ትሪ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ይሸፍናል። እናቴ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ትልና ፊት ለፊት ትቀመጣለች። የዜና ሰዓት ነዋ!

እናቴ መስማት የተሳናት ናት። የምልክት ቋንቋ በልጅነቷ ጎንደር ተምራለች፤ እዚህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንደር ከምመጣው ከእኔ በቀር የሚያወራት የለም። አባቴ የሚያውቀው "ነይ" እና "ብዪ"ን ብቻ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ጥግ ላይ ዜናውን በእጇ የምትተረጉመው ሴት ጓደኛዋ ሆነች። አንዳንዴ መልስ ትሰጣታለች።

አዲሱ ሪሲቨር ሲገባ ምስሉ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይዞ መጣ አሉ። አባቴ ተቆጣ።

"ምነው፣ ሐዘን ተቀምጧል እንዴ? ገበያዬን ሊያባርርብኝ!"

ዲሽ ሠሪው ምስሉን አጎላው፤ ስክሪኑ ጢም አለ። ሾፌሮቹም "ሸጋ ነው!" አሉ።

ቅዳሜ ስመጣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ደነገጥኩ። "ማን ሞተ?" አልኳት በእጄ።

"የጥጓ ሴት። አልቃሽ እንኳ የላትም።"

ደሜ ፈላ። ጣቢያው አባሯታል ብዬ ደመደምኩ። በዚያው ሰሞን ስለ ዲጂታል ቴሌቪዥን ደንብ የሕዝብ አስተያየት እንሰበስባለን ያሉ ሰዎች ጎንደር መጥተው ነበር፤ ልጣላቸው ሄድኩ። ስለ ምስል ጥራት ስታንዳርድ ሲያወሩ፣ ሲያወሩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳው ላይ በትልቁ ዜና ተለቋል፤ ጥጉ ላይ ሁለት እጆች ይበርራሉ።

"እሰይ! አለች! አለች!" ብዬ ብድግ። አዳራሹ ሳቀ። ለካ አባቴ ስክሪኑን ሲያስሞላ የምስሉ ዳር ተቆርጦ እሷም አብራ ወጥታለች!

"ጥራቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ እነዚህን እጆች ግን ማንም ሪሲቨር እንዳይቆርጣቸው ደንቡ ላይ አስገቡልኝ" አልኳቸው።

"እናየዋለን" አሉኝ። መቼ? እናቴ እስከዚያ ሐዘን ትቀመጥ?

በዚያው ዕለት ኮሶዬ ወጥቼ ምስሉን ወደ ቦታው መለስኩት።

"ኧረ ጥቁሩ መጣ!" አለ አባቴ።

"አባዬ፣ ዛሬስ ተወው።"

ዜናው ጀመረ፤ ጉሙ መሃል የጥጓ ሴት እጆች ታዩ። እናቴ ተነስታ ቆመች። ጥለቱን ወደ ታች መለሰችው፤ ከዚያ በእጆቿ ብዙ አወራቻት። አባቴ እንዲህ ስታወራ አይቷት አያውቅም።

"ምን አለቻት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"'ቀብሬሽ ነበር፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማን ያወራኛል ብዬ' አለቻት።"

አባቴ ሪሞቱን ኪሱ ከተተና አጠገቧ ተቀመጠ።