ከወፍጮ ቤቱ በስተቀኝ

አክስቴን የማዘጋጃ ቤት ሰዎች «ምላጭ» ይሏት ነበር። ግማሹ ምክንያት ምላሷ ነው፤ ለዚህ መላው ቤተሰብ ይመሰክራል። ግማሹ ግን ሥራዋ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የከተማውን ካርታ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በቀለም ስትገለብጥ ኖረች፤ መስመር ሲበላሽባት በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጋ ትፍቀዋለች። ወረቀት ሳይበሳ መፋቅ የሚችል ሰው እሷ ብቻ እንደነበረች እሷው ራሷ ነግራናለች። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ እኔም የምወዳት ለዚሁ ነው።

ጡረታ ወጥታም ከካርታ አልተላቀቀችም። ካርታ ክፍሉን ዛሬ የሚይዘውን ሰው ሥራ ያስለመደችው እሷ ናት። «እስቲ አሮጌዎቹን አውጣልኝ» ስትለው እምቢ ለማለት ወኔው የለውም። በዚያ ሰሞን ግን የተመላለሰችው ለጨዋታ ሳይሆን ለአባቷ፣ ማለትም ለአያቴ ብላ ነበር።

አያቴ በየቀኑ ከቤት እየወጡ ሰፈራችን ያለው ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ ደጃፍ ይቆማሉ። «የተወለድኩት እዚህ ነው። ከወፍጮ ቤቱ በስተቀኝ። ግቢያችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ነበረን» ይላሉ። ሰፈሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ስለተሠራ ከድሮው የቀረው ያ ወፍጮ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም መጋዘን ሆኗል። «እውነታቸውን ነው» የሚል እኩያም አልተረፈላቸውም። አብሯቸው የሚኖረው አጎቴ ደግሞ «አባዬ ጃጅቷል። አንድ ቀን መኪና ይገጨዋል። ከእንግዲህ በሩ ይቆለፋል» ብሎ ቆርጧል።

አክስቴ የመንገዱን የድሮ ካርታ ያስወጣችው አባቷን ነጻ ልታወጣበት ነበር። ካርታው ላይ የጉድጓድ ምልክት ያለው አንድ ግቢ ብቻ ነው። ነገር ግን ከወፍጮ ቤቱ በስተግራ ነው፤ ጎሚስታው ያለው በቀኝ። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ካርታ አይጃጅም» አለና ጓጉንቸር ሊገዛ ሄደ። አያቴ ክፍላቸው ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። አንጀቴን በሉት።

አክስቴ ግን ተሸንፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። በማግስቱ እኔን አስከትላ ካርታ ክፍል ገባች፤ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ትዳብሰው ጀመር።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አልኳት።

«የተፋቀውን። ካርታውን የሠራው ሰውዬ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ መስመር ተሳስቶ ፍቋል። ጠባሳው ይታየኛል፣ ግን አይዳሰሰኝም።»

ወረቀቱን ገለበጠችና እንደገና ዳበሰች። ከዚያ ክፍሉን በጩኸት ደበላለቀችው።

«ጠባሳው ከጀርባ ነው! የመስመሩም ቀለም ከጀርባ ነው! መስመሩን በአንዱ ፊት ሠርቶ፣ ወረቀቱ ተገልብጦበት ጽሑፉን በሌላው ፊት ጽፎታል!»

ስስ ወረቀት ከሁለቱም ፊት እኩል ያሳያል። ቀለሙ እስኪደርቅ ወጣ ብሎ የተመለሰ ሰው ወረቀቱ ተገልብጦ ቢጠብቀው ላያስተውል ይችላል። ጽሑፉ ደግሞ በደንብ ስለሚነበብ ከዚያ ወዲህ ያየው ሁሉ አልጠረጠረም። የካርታ ክፍሉ ሰው ራሱ ወረቀቱን ገልብጦ መስኮቱ ላይ ደገፈው። ጽሑፉ ግራ ቀኙ ዞረ፤ ጉድጓዱ ግን ከወፍጮ ቤቱ በስተቀኝ ቁጭ አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አክስቴማ ጉልበቷን ያማት የነበረው ሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ዘለለች።

ካርታውን ተውሰን፣ አያቴን ከአልጋ አስነስተን፣ አጎቴን ከሚሠራበት ሱቅ ጎትተን ጎሚስታው ዘንድ ደረስን። ጎሚስታው ሳቀብን። «እኔ የማውቀው ውሃ ይሄ ብቻ ነው» ብሎ ጎማ እየነከረ ቀዳዳ የሚፈልግበትን በርሜል አሳየን።

«በርሜሉስ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?» አለችው አክስቴ።

«ሲሚንቶ ላይ ነዋ! ስገባም እንዲሁ ነበር።»

ውሃውን ደፍተን በርሜሉን አንከባለልነው። ሲሚንቶው ዳር ዳሩ ተፈረካክሷል። ጎሚስታው ጎማ በሚያወልቅበት ብረት ቢፈነቅለው ክብ የድንጋይ አፍ ብቅ አለ፤ ዙሪያውን ገመድ ሲጎተትበት ኖሮ ቦይ ቦይ ሆኗል። አያቴ ተንበርክከው ጣታቸውን በየቦዩ እያስገቡ ፈለጉ፤ አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ የእናቴ ናት» አሉ። «ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነበር የምትቀዳው።»

አላፊ አግዳሚው ተሰበሰበ። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ «አባባ፣ ቤት ነው የገቡት!» እያለ ያጨበጭባል። አክስቴ አሸናፊነቷን ከማንም ልትደብቅ አልሞከረችም፤ ካርታውን እያውለበለበች ላላዩት ሁሉ ታሪኩን ከሥር ጀምራ ትተርካለች። በመጨረሻ አጎቴ አባቱ አጠገብ ቀረበና ጎንበስ አለ።

«አባዬ» አለ። «በሩስ በየት በኩል ነበር?»

ከስንት ጊዜ በኋላ ሊፈትናቸው ሳይሆን ሊያውቅ ብሎ መጠየቁ ነበር። አያቴ ቀና ብለው አዩት፤ ፊታቸው በራ።

«የቆምክበት ነዋ!» አሉት። «ዞር በል፣ ሰው ይግባበት።»