ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ውሃ

ልጅቷ ዓረብ አገር፣ ፊንጣስ ወዳለው የማዳም ቤት ለሠራተኝነት ስትመጣ እኔ እዚያ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በዚያ ቤት ዕቃ ያለበት ሲጠፋ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ማዳም «ያለ እሷ ቤቱ አይቆምም» ትላለች። ልጅቷ በስምንት ዓመት ታንሰኛለች፤ እሷም እንደ እኔ የወሎ ልጅ ናት። ሥራውን እንዳሳያት ማዳም ለእኔ ሰጠችኝ። አንድ ክፍል እንተኛ ነበር፤ ሻምፑዬን አካፈልኳት፤ ወደድኳት ማለትም ይቻላል። ይህ ግን እስከ መጀመሪያው ጉባር ድረስ ነው።

ጉባር ሲነሳ ሰማዩ ቡናማ ይሆናል፤ መስኮት ቢዘጋም አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። በማግስቱ የግቢው እብነ በረድ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። እሱን ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። የውሃውን ጎማ ከፍ አድርጌ ይዤ ውሃውን ቁልቁል እለቅበታለሁ። ውሃው ወለሉን መትቶ ይበተንና ጭቃውን ግድግዳውና የሳሎኑ መስታወት ላይ ይረጨዋል። ከዚያ ደግሞ መስታወቱን መጥረግ ነው። ሌላ መንገድ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያን ቀን ወገቤን ስላመመኝ «ዛሬ አንቺ እጠቢው» አልኳት።

ቁጢጥ ብላ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ ጨፍልቃ ከወለሉ ጋር አስተኛችው። ውሃው ሳይረጭ ወለሉን ይዞ ሄደ። ላዩ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እየተገላበጠ ይፈላል፣ አቧራውን ከሥሩ ፈንቅሎ ይዞት ይሄዳል። እየሰፋ፣ እየሳሳ ሄዶ ጉልበቱ ሲያልቅ ተነስታ ከደከመበት ቦታ ትቀጥላለች። ግድግዳውንም ፊት ለፊት አትመታውም፤ አግድም ትለቅበትና ውሃው ተለጥፎ ይሄዳል። መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ኮምቦልቻ መኪና እጥበት እሠራ ነበር። ውሃ ፊት ለፊት ከመታሽበት መልሶ ራስሽን ነው የሚረጭሽ፣ እህቴ።»

ማዳም በረንዳው ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ሹፊ፣» አለችኝ፣ እዪ ማለቷ ነው። «አራት ዓመት ግቢዬን ጭቃ ስትቀቢ ኖረሻል። ከእሷ ተማሪ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ምሳ አልበላ አለኝ። ማዳም ልጅቷን በስልኳ ቀርጻ ማንጋፍ ላለችው እህቷ ላከችላት። እህቷም «አንድ ቀን አውሺኝ» አለች። እኔን ማንም ተውሶኝ አያውቅም። ሰው እንደ ድስት መዋዋስ የሚያስቀና ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ቀናሁ። ከዚያ በኋላ ማዳም እሷን ስንት ጊዜ እንደምትጠራ፣ እኔን ስንት ጊዜ እንደምትጠራ ስቆጥር እውላለሁ።

አንድ ሐሙስ ልጅቷ ግቢውን አጥባ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ወጣች። ማዳም እላይ ናት። ጎማውን አንስቼ እንደ እሷ ቁጢጥ አልኩና በዲዋኒያው፣ ማለትም በወንዶቹ እንግዳ መቀበያ፣ ግድግዳ ላይ ውሃውን አግድም ለቀቅኩት። ተለጥፎ ሄደ። ብቻዬን ፈገግ አልኩ። መግቢያው ላይ ክብ ዓምድ አለ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ስል ዓምዱን አቅፎ ዞረና በተከፈተው በር ገባ። ቧንቧውን ሮጬ እስክዘጋው ምንጣፉ ግማሽ ድረስ ርሶ ነበር።

ጎማውን ጠቅልዬ ወጥ ቤት ገባሁና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ማዳም ወርዳ አየችው። ማታ እንግዶች ነበሩ። «ዛሬ ግቢውን ማን ነው ያጠበው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

እኔ ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ። ማዳም ጮኸችባት፤ ሁለተኛ ጎማውን እንዳትነካም ከለከለቻት። ምንጣፉን አውጥተን ስናሰጣ ልጅቷ ዓምዱን ስታይ ቆየች።

«ውሃ ክብ ነገር ሲያገኝ ቶሎ አይላቀቅም፤ አብሮ ይዞራል» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ጎማውን ወደ ውጭ አዞራለሁ። ዛሬም አዙሬያለሁ።» ከዚያ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ቀሚስሽ ርሷል።»

«ዕቃ ሳጥብ ነው» አልኩ።

የምንጣፉን ጫፍ ይዛ ጎተተች። እኔም ያን ሰዓት ያንገበገበኝ ኃጢአቴ አልነበረም። እኔ የማላየውን እሷ ከዓምድ ላይ ማንበቧ ነው።

በሚቀጥለው ጉባር ጎማው ወደ እኔ ተመለሰ። እንደ እሷ ልሞክር ፈራሁና እንደ ድሮዬ ለቀቅኩት። ጭቃው መስታወቱን ሞላው። ዘወር ስል ልጅቷ በወጥ ቤቱ መስኮት ታየኛለች። ብትስቅብኝ በወደድኩ። አዘነችልኝ። ጎማውን ጥዬ ቀጥታ ማዳም ጋ ሄድኩና ምንጣፉን ያራስኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ከጸጸት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዓይን መሸከም አቅቶኝ ነው።

ማዳም አልጮኸችብኝም። «አራት ዓመት አምኜሽ» ብቻ አለች፤ ጎማውንም ለልጅቷ መለሰች። እንግዳ ፊት ስለ እኔ የምትለውን ከዚያ ወዲህ ደግማው አታውቅም።

«ለምን ነገርሻት?» አለችኝ ልጅቷ። «እኔ እኮ ወላሂ አውፍ ብዬሽ፣ ይቅር ብዬሽ ነበር።»

«እሱን ነው ያልቻልኩት» አልኳት።

አሁን ኮንትራቷን ጨርሳ ፋርዋኒያ አንድ ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፤ ደንበኞቿ ከእሷ በቀር ሌላ እጅ አይነካንም ይላሉ አሉ። ዕረፍት ሳገኝ ዓርብ ዓርብ እንገናኛለን። እንደምቀናባት ታውቃለች። ስለ ሥራዋ ስታወራልኝ አሳጥራ ነው፣ ዓይን ዓይኔን ሳታይ።