በእርጥብ ፖፕሊን የተጠቀለለው ጫት

ወሎ፣ እኛ ቤት፣ ጫት የሚቃመው ለዱዓ ነበር። አባቴ ሐሙስ ሐሙስ ሲቅም እኛ ልጆች ጮክ ብለን አናወራም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ባሌ አግብቶኝ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲያመጣኝ፣ ጫት መውደዱን ከዲን ቆጥሬ ደስ አለኝ። እሱ ግን የሚቅመው የድሬዳዋ ባቡር ጫት ይዞ በመጣ ቁጥር ነበር። መጀመሪያ ሬዲዮናችን ተሸጠ። ከዚያ ደንበኞቹ መንገዱን እየተሻገሩ ማዶ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄዱ።

የዚያን ሰፊ ሚስት ቀናሁባት። ሐሰድ ሐራም መሆኑን እያወቅሁ፣ ሶላት ላይ ቆሜ እንኳ የባሏ ስፌት መኪና ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትተክላለች፤ ይሳሳቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው ሳላውቅ ጎኔን ይወጋኛል።

በረመዳን ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ፣ ለልጃችን የዒድ ቀሚስ የሚሆን ነጭ ፖፕሊን አገኘሁ። ባሌ ሜትር እንኳ ሳያነሳ በዓይኑ ለክቶ በመቀስ ቀደደላት። «የአባቷን እጅ ትለብሳለች» አለ። ቀደደው እንጂ አልሰፋውም።

ዒድ ሲቃረብ ከገበያ ብመለስ የቀሚሱ ቅድ ጠረጴዛው ላይ የለም። እንስራው ሥር አገኘሁት። እስከ ኢፍጣር ሙቀቱ እንዳያጠወልግበት፣ በውሃ ነክሮ ጫቱን ጠቅልሎበታል።

«ምን ነካህ፣ አንተ ሰው?»

«ጨርቅ አይደል? ይታጠባል።»

ያን ቀን በጫቱ ቀናሁ። ልጅቷን ሲያተኩሳት ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ የማደርገው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባጥበው ባጥበው አረንጓዴው አልለቅ አለ። ሳሰጣው ጎረቤቴ፣ የማዶው ሰፊ ሚስት፣ አየችኝ።

«አንቺ፣ ዒድ እኮ ደረሰ! አምጪው፣ የኛ ሰውዬ ይስፋላት።»

«የኛ ሰውዬ» ስትል ጨርቁን ከገመዱ መንጭቄ ልገባ ነበር። ግን ልጄን በአሮጌ ልብስ ላውጣት? ወሰድኩላቸው።

ባሏ ቅዱን ዘርግቶ የእጅጌውን ዙሪያ ደጋግሞ አየ። «የባልሽ ነው? ወላሂ፣ እኔ እንዲህ መቅደድ አልችልም» አለኝ። ሚስቱ ክር መጠቅለሏን ተወች። የራሴን የቅናት ፊት ፊቷ ላይ አየሁት። አስተግፊሩላህ ማለት ሲገባኝ ደስ አለኝ።

በዒድ ጠዋት ልጄ ለብሳ ቆመች። ባሌ ጫፉን ገልብጦ ስፌቱን ተመለከተ። ሰፊው ያለውን ነገርኩት። ከዚያ የራሱን ስፌት መኪና አቧራ ጠረገ፤ ክር አስገባ፤ ቁራጭ ጨርቅ አምጥቶ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። በዓል ስለሆነ የማዶው መኪና ዝም ብሏል፤ የሚሰማው የእኛ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ወጥታ እንድታየን አላህን ለመንኩት።

ከአዋሽ ድልድይ በኩል የድሬዳዋው ባቡር ጮኸ። መኪናችን ቆመ። ጎረቤቴ በሯ ላይ ብቅ ስትል ባሌ ጫማውን እየፈለገ ነበር።