በቁሙ የተለቀሰለት ልጅ

ፀሐይወርቅ ሰው ፊት አታለቅስም ነበር። ባሏ አገኘሁ የሞተ ዕለት እንኳ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ዝም አለች፤ እኛ የሠፈር ሴቶች ደረታችንን ስንደቃ እሷ የንፍሮውን መብሰል ትቆጣጠር ነበር። ስለዚህ ክንዱ የሚባለው አንድያ ልጇ ጣና ውስጥ ሰጠመ ተብሎ ድንኳን ሲተከል፣ ያንን ሁሉ ጩኸት ከየት እንዳመጣችው ገርሞኝ ነበር።

ጊዜው ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ባሕር ዳርን ያመሰበት። ጎረምሳ ያለበት ቤት በሩ ሲንኳኳ የሚከፍት ይጠፋ ነበር። ከመሸንቲ በግ ሊሸጥ የመጣ ልጅ ከገበያ መሐል ተወስዶ፣ በጎቹ ባለቤት አጥተው ሲንከራተቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ፀሐይወርቅ ከእኔ ጋር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ላይ ነበር የምትሠራው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አንዳርጋቸው ከሥራ ስንወጣ መንገድ ላይ አስቆማትና፣ ተራው የክንዱ ነው፣ ልጁን አዘጋጂው አላት። እሺ አለች። እኔ እናት ሆና እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቷ አናዶኝ ሳላናግራት ገባሁ።

ለካ መላ ይዛ ኖሯል። ይህን የሰማነው ከስንት ዘመን በኋላ ቢሆንም በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ። ከዘጌ እንጨት በታንኳ እያመጣ የሚሸጥ አለበል የሚባል የባሏ ዘመድ ነበር። አንድ ቀን እንጨቱን እንዳራገፈ ክንዱን ጭኖ፣ ሴት የማይረግጠው ገዳም ያለበት ደሴት አደረሰው። ሲመለስ ታንኳውን ራሱ ገለበጠና እንደበሰበሰ ዳር ወጥቶ፣ ልጁን ውኃ ወሰደው ብሎ ጮኸ። ምክሩ የፀሐይወርቅ ነው። ሞተ ካልተባለ እንደማይተውት ታውቃለች፤ ሞተ ከተባለ ደግሞ መለቀስ አለበት። እኛም እውነት መስሎን አለቀስን። እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ነው የጮኽሁት፤ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

አንዳርጋቸው ግን ሞኝ አልነበረም። የሰጠመ ሰው ውሎ አድሮ ይንሳፈፋል፣ ይኸኛው ሬሳ ምነው ቀረ እያለ ዳር ዳሩን አስፈለገ። ሲያጣ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣና ድንኳኑ ውስጥ፣ ከፀሐይወርቅ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እዝን ሲቀርብለት አልበላም። ፊቷን ብቻ ያያል። ነገሩ ቢነቃ ክንዱ ከደሴቱ ተይዞ ወደ ጦር ግንባር፣ እሷና አለበል ደግሞ ወደ እስር ቤት ነበሩ። አለበል ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያላበውን ግንባሩን ይጠርጋል፤ እኛ ሐዘን መስሎን ውኃ እንሰጠዋለን።

ሁሉን ያሰበችው ፀሐይወርቅ አንድ ነገር ረስታ ነበር። ክርስቲያን ያለ ፍትሐት አይሸኝም፤ ሬሳ ባይገኝም ጸሎቱ አይቀርም። የእድር ሽማግሌዎች የንስሐ አባቷን ቄስ መርስዔ ኀዘንን ይዘው ገቡ። እሳቸው የሟቹን ስም ከቤተሰቡ አፍ ሳይሰሙ ጸሎት አይጀምሩም፤ ልማዳቸው ነው።

«የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፣ ልጄ» አሏት።

ፀሐይወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች። በሕያው ሰው ስም ፍትሐት ከተደገመ ነፍሱን መሸኘት ነው ብላ ታምን ነበር። እኔም አምናለሁ፤ የምትስቁ ሳቁ። ስሙን ከጠራች ልጇን በገዛ አፏ መግደሏ ነው። ካልጠራች አንዳርጋቸው እዚያው ተቀምጧል፤ የትኛዋ እናት ናት የልጇን የክርስትና ስም የምትረሳ? ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ምነው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ የልጅዎ ስም ጠፋዎት?»

«ወልደ ሐዋርያት» አለች።

ወልደ ሐዋርያት የሟቹ ባሏ የአገኘሁ የክርስትና ስም ነበር። አገኘሁን ፈትተው የቀበሩት እኒሁ ቄስ ናቸው፤ ክንዱንም ተክለ ጊዮርጊስ ብለው ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። አንዳርጋቸው ይህን ከየት ያውቃል? አብዮተኛ ከሆነ ወዲህ የራሱንም ሳይረሳ አልቀረም። ቄሱ ግን ቀና ብለው አዩዋት፤ አተያያቸው ረዘመ። ከዚያ ወልደ ሐዋርያት ብለው ጀመሩ። አገኘሁ ሁለት ጊዜ ተፈታ፤ ምን ይጎዳዋል። አንዳርጋቸው ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ፤ ሲያልቅ እግዜር ያጥናሽ እንኳ ሳይል ታጣቂዎቹን ይዞ ወጣ።

ቄሱ መስቀል ሊያሳልሟት ጎንበስ አሉና በጆሮዋ፣ «የት እንዳለ እንዳትነግሪኝ። ቢጠይቁኝ መዋሸት አልችልም» አሏት። በሚቀጥለው ክረምት እስኪሞቱ ድረስም ነገሩን አንሥተው አያውቁም።

ፀሐይወርቅ ከሏን ለብሳ ሦስት ዓመት ከረመች። ሰው እንዳይጠረጥር ወደ ሐይቁ ዳር ዝር አትልም፤ አለበል እንጨት ሲያወርድላት፣ ደህና ነው፣ ይላታል፤ በቃ። ደርግ ከተማዋን ለቆ የወጣ ዕለት እኛ በራችንን ቆልፈን ተኩስ ስናዳምጥ፣ እሷ በባዶ መንገድ ወደ ሐይቁ ሮጠች። አለበል አሳፈራት። ደሴቱ ዳር ሲደርሱ ሴት መውረድ አትችልምና ታንኳው ውስጥ እንደተቀመጠች ልጇን አስጠራች።

ክንዱ ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ቆብ ደፍቶ ወረደ። ና እንሂድ፣ አሁን የሚፈልግህ የለም አለችው። ከውኃው ራቅ ብሎ ቆመ።

«እኔ እኮ መነኮስሁ፣ እማየ።»

የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደሞተ ይቆጠራል፤ እንደ ሬሳ ተገንዞ ፍትሐት ይደገምለታል። ፀሐይወርቅ ይህን ታውቃለች። የታንኳውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ፣

«በማን ስም ፈቱህ?» አለችው።

«በራሴ ነዋ። ተክለ ጊዮርጊስ ብለው።»

ሌላ አልጠየቀችውም። አለበልን መልሰኝ አለችው።