ከዳክዬው ሆድ ሥር ያለችው ፀ

ፀሐዩ ሰው አያምንም። ባሕር ማዶ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርትመንት ሲከራይ የኪራይ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ከፈረመ በኋላም አንድ ጊዜ ደግሞታል። በሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ የምሳ ዕቃውን ፍሪጅ ውስጥ ሲያስገባ ክዳኑ በየት በኩል እንደዞረ ልብ ይላል፤ ሰው ከፍቶት እንደሆነ ለማወቅ። ሚስቱ ሃይማኖት፣ «አንተ እኮ ጥላህ ሲከተልህ እንኳ ‹ምን ፈልጎ ነው?› የምትል ሰው ነህ» ትለዋለች።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ አልመጣም። አዲስ አበባ ሳለ የሱቅ ሰሌዳና የጭነት መኪና ላይ ጽሑፍ ጻፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚጽፈው የሌላ ሰው ስም ነው። የራሱ ድርሻ ከታች፣ ከግራ ጥግ የሚያስቀምጣት አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች፦ ፀ። ሌላ መጨመር አላስፈለገውም፤ ፊደሏ ራሷ «ፀሐዩ ፀ» ተብላ የምትጠራ ናት። አንድ ቀን ታዲያ በአውቶቡስ ሲያልፍ ሁለት ሳምንት የለፋበትን ሰሌዳ አየው። አሠሪው ፀን በነጭ ቀለም ደፍኖ የራሱን ስም ጽፎበታል። ፀሐዩ ከዚያ ወዲህ ሥራውን ለማንም ሲያስረክብ ሁለት ጊዜ ዞሮ ያየዋል።

ወደ ዳክዬው ሥራ ያስገባችው ሃይማኖት ናት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚስተር ራስልን ባለቤት ታስታምም ነበር። ሽማግሌው ጋራዣቸው ውስጥ እንጨት እየጠረቡ ዳክዬ ይሠራሉ። አዳኞች የእንጨቶቹን ዳክዬዎች ውሃ ላይ ያንሳፍፏቸዋል፤ በሰማይ የሚያልፈው እውነተኛው ዳክዬ ወገኖቹ መስለውት ሲወርድ ይተኩሱበታል። ፀሐዩ ሚስቱን ሊወስድ መጥቶ ሲጠብቅ የሽማግሌው እጅ እየተንቀጠቀጠ የዳክዬው አንገት ላይ ያለችውን ነጭ ቀለበት ሲያበላሽ አየ። አላስቻለውም። ብሩሹን ተቀበላቸውና በአንድ እስትንፋስ አዞራት።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን አልተወም።

«የማይበላ ወፍ ለማታለል ይሄ ሁሉ ልፋት!» ትላለች ሃይማኖት።

መጀመሪያ የቀባው ዳክዬ እንደ አዲስ የጭነት መኪና ያብለጨልጭ ነበር። ሚስተር ራስል ሳቁና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። የሚያበራ ነገር ያየ ዳክዬ ይሸሻል። ፀሐዩ ቀለም ማደብዘዝን ተማረ፤ ቡናማዋን ሴት ዳክዬ ላባ በላባ፣ ያለ ችኮላ መቀባትን ተማረ። ሥራው ሲያልቅ ዳክዬውን ይገለብጥና ሆዱ ሥር፣ እንደ ልማዱ ከግራ ጥግ፣ በነጭ ቀለም ፀን ያስቀምጣታል።

ሚስተር ራስል አንድ ጊዜ፣ «ሳዩ፣ ይቺ ምልክት ምንድን ናት?» ብለው ጠይቀውት ነበር። «ፀ» ማለት ስለማይሆንላቸው «ሳዩ» ነው የሚሉት። ስሜ ናት ቢላቸው እንዳያጠፉበት ፈራ።

«ኢምፖርታንት ናት» አለ፤ ዋና ነገር ናት ማለቱ ነው።

ሽማግሌውም እንደገባው ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እንዲህ ሆኖ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ሐሙስ ጓደኛው በፈቃዱ ደወለ። በፈቃዱ ታክሲ ነጂ ነው፤ የፊደሏንም ነገር ከሃይማኖት ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ስማ፣ ሎረል ከተማ ድረስ አንድ አዳኝ ጭኜ ነበር። አንድ ዘንቢል ሙሉ የእንጨት ዳክዬ ይዟል። አንገታቸውን ሳየው እጅህን አወቅሁት። አስፈቅጄ አንዱን ብገለብጠው…»

«ፀ አለች?»

«ምን ፀ አለች! ቦታዋ ላይ ጠፍጣፋ የእርሳስ ብረት በምስማር መትተውበታል። ሁሉም ላይ! ሰው ስሙን በእርሳስ ይጽፋል፤ ያንተን ስም በእርሳስ ቀበሩት!»

ያነሳውን ፎቶም ላከለት። ፀሐዩ ፎቶውን አስፍቶ አየው። ከግራ ጥግ፣ ልክ በቦታዋ። ዳክዬው ውሃ ላይ እንዳይገለበጥ ሆዱ ሥር እርሳስ እንደሚመታ ያውቃል፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ እሱ በሌለበት የሚሠራ ሥራ ነው። ግን ያ ሁሉ ሆድ እያለ ለምን እዚያች ላይ?

«አሁንስ በቃኝ» አላት ሃይማኖትን። «ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ ብሩሹን እጥልለታለሁ።»

«ይጠይቁሃል እንጂ አትጠይቅም አንተ» አለች። «ስትጠረጥር ነው የምትኖረው።»

ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ደረሰ። ሚስተር ራስል ጋራዡን ከፍተው እየጠበቁት ነው። ሰላምታቸውን በግማሽ መለሰና መደርደሪያው ላይ ካሉት ዳክዬዎች አንዱን ገለበጠ። እርሳስ። መሮ አነሳና ፈነቀለው። ከሥሩ ፀ ቁጭ ብላለች፤ ያልደበዘዘች፣ ውሃ ያልነካት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ሚስተር ራስል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ምልክትህ ናት።»

«ምልክቴ መሆኗን ያውቃሉ፤ ታዲያ ለምን ሸፈኗት?»

«ምታ ብለህ ያመለከትከኝ እዚህ አይደል እንዴ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ክብ፣ መሐሏ ላይ መስመር። አናጢ የሚመታበትን ቦታ እንደዚህ ነው የሚያመለክተው። ብጠይቅህ ኢምፖርታንት ናት አልከኝ።»

ፀሐዩ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው። የተዘጋጀ መልስ ነው? ማታ ሲያጠኑት አድረው ይሆን?

ሽማግሌው ሌላ ዳክዬ አነሱና ጥግ ላይ ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀመጡት። ዳክዬው ተንሳፈፈ፤ ግን ወደ ግራ ዘመም ብሎ፣ ጆሮው ውሃ እንደገባበት ሰው።

«ዓመት ሙሉ እንደዚህ ያጋድላሉ። አዳኞቹ ይስቁብኛል። ስድሳ ዓመት መሐሉ ላይ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄም መሐሉ ላይ ምታ ይለኛል። ግን ሳዩ የሚያውቀው ነገር አለ አልኩ።»

ፀሐዩ ዘመም ያለውን ዳክዬ አተኩሮ አየው። ስም ሊሰርቅ የፈለገ ሰው የገዛ ዳክዬው እንዲያጋድል አያደርግም። ተንኮል ፈለገ፤ አገላብጦ ፈለገ፤ አጣ።

«ስሜ ናት» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ሚስተር ራስል ፊደሏን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?» አሉና መዶሻቸውን አነሱ።

እስከ ቀትር ድረስ እርሳስ ሲነቅሉና መሐል ላይ ሲመቱ ቆዩ። ከእያንዳንዱ ሥር አንዲት ፀ ወጣች። ዳክዬዎቹም ገንዳው ውስጥ አንድ በአንድ ቀጥ አሉ።

ሊወጣ ሲል በፈቃዱ ደወለ።

«እሺ፣ ሰውዬው አመነ?»

ፀሐዩ ወደ ገንዳው ዞር ብሎ አየ።

«አመነኝ» አለ።